ቤት ለቤት ስፖርት ማሠራት በሐዋሳ፦ ሞተር ከመግዛትሽ በፊት መንገዱን ቁጠሪ

ጥያቄሽ ይህ ነው፦ «ሐዋሳ ነው የምኖረው። በስፖርት ሳይንስ ተመርቄ አንድ ጂም ውስጥ ሦስት ዓመት አሠልጥኛለሁ። የባንክ ሠራተኞች፣ ነርሶች፣ ሱቅ ያላቸው ሰዎች ይመዘገቡና ከሁለት ሳምንት በኋላ ይጠፋሉ። ሲጠየቁ ሁሉም ጊዜ የለኝም ነው የሚሉት። ቤታቸው ድረስ ሄጄ ባሠራቸውስ ብዬ አሰብኩ። ትንሽ ገንዘብ አጠራቅሜያለሁ። ሞተር ሳይክል ልግዛ ወይስ የስፖርት ዕቃ? ስንት ላስከፍል? ጂሙንስ መቼ ልልቀቅ?»

እህቴ፣ ሞተሩን አትግዢ። ሌላውን ቀስ ብለን እናየዋለን፣ ይሄን ግን አስቀድሜ ልንገርሽ። እኔም ሴት ነኝ፣ ይሄን ሥራ እዚሁ ሐዋሳ ላይ ዘጠኝ ዓመት ሠርቼዋለሁ። በመጀመሪያው ዓመት ልተወው ምንም አልቀረኝም ነበር። ደንበኛማ ነበረኝ። አንዷ ጥቁር ውሃ፣ ሁለቱ ፒያሳ፣ አንዱ ሪፈራል አካባቢ፣ አንዷ ደግሞ ወደ አላሙራ በኩል። የደወለልኝን ሁሉ እሺ እያልኩ ስቀበል ቀኔ ባጃጅ ላይ አለቀ። አምስት ሰው ለማሠራት ከንጋቱ 11 ሰዓት ወጥቼ ማታ 3 ሰዓት እገባለሁ። ወሩ ሲያልቅ ቁጭ ብዬ ስደምረው የሠራሁት ለባጃጅ ነበር። ዝናብ ሲሆን ደግሞ ኮንትራት ካልሆነ የሚወስድሽ የለም፣ ረፍዶብሽ ስትደርሺ ደንበኛዋ ለብሳ ወደ ሥራ እየወጣች ነው።

ያኔ የገባኝ ነገር አለ። ስኳትና ፑሽ አፕማ ሁሉም ስልኩ ላይ ሞልቶለታል፣ በነፃ። ሰው ገንዘቡን የሚሰጥሽ 12 ሰዓት ብለሽ ልክ 12 ሰዓት ላይ በሩን ስለምታንኳኪ ነው። አንቺ በር ላይ ከቆምሽ «ዛሬ ደከመኝ» ማለት ያሳፍረዋል። የምትሸጪው ይሄንን ነው። መንገዱ ከበላሽ ደግሞ ይሄንን ማቅረብ አትችዪም።

ስለዚህ ከምንም በፊት አንድ ሰፈር ምረጪ። ከቤትሽ ተነስተሽ በእግር 15 ደቂቃ፣ በብስክሌት 10 ደቂቃ የምትደርሺበትን ሁሉ ክበቢው። ሐዋሳ ሜዳ ናት፣ ብስክሌት የለመደች ከተማ ናት፣ ጥሩ ብስክሌት ከኋላው ዕቃ መጫኛ ካለው ለዚህ ሥራ ይበቃል። ነዳጅ አይጠይቅሽም፣ ሰልፍ አያስይዝሽም፣ ደንበኛሽም በብስክሌት ስትመጪ ሲያይሽ ምክርሽን በተግባር ያየዋል። ከክበቡ ውጪ የሆነ ሰው ከደወለ ስሙንና ሰፈሩን መዝግቢ፣ «በዚያ በኩል ሁለተኛ ሰው ሳገኝ እደውልልሃለሁ» በዪ። ይሄን ማለት መጀመሪያ ላይ ይከብዳል፣ የመጣ እንጀራ የገፋሽ ይመስልሻል። እኔ ግን ሁሉን እሺ ያልኩ ጊዜ ነው የደኸየሁት።

አሁን ሰዓቱን እንቁጠር። የሥራ ሰው ነፃ የሚሆነው በቀን ሁለት ጊዜ ነው፤ ጠዋት ከ11 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል፣ ማታም እንደዚያው ከ11 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል። 45 ደቂቃ ማሠራት፣ 15 ደቂቃ መንገድ፣ አንድ ሰው አንድ ሰዓት ወሰደ። ጠዋት ሦስት፣ ማታ ሦስት፣ በቀን ስድስት ሰው። ደንበኛሽ በሳምንት ሦስት ቀን ከሠራ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ አንድ ምድብ ይሆናል፣ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ሌላ ምድብ። ድምሩ 12 ሰው። እሑድን ተዪው፣ ግማሹ ቅዳሴ ግማሹ ቸርች ነው፣ አንቺም ማረፍ አለብሽ። እንግዲህ ይህ ሥራ ሞልቶ ሲፈስ 12 ሰው ነው። የቀኑን መሐል በጡረተኞችና ቤት በሚውሉ እናቶች ትሞዪው ይሆናል፣ ግን ዋጋሽን ስታወጪ እሱን አትቁጠሪ።

ዋጋውን ከጂም ዋጋ ጋር አታወዳድሪ። ጂሙ በአንድ ሰዓት ውስጥ 30 ሰው ያስተናግዳል፣ አንቺ አንድ። ከሚያስፈልግሽ ተነሺ። ለስሌት ያህል ብቻ፣ ለቤት ኪራይና ለኑሮ 20,000 ብር፣ ለመንገድ 2,000፣ ለዕቃና ለግብር የሚቀመጥ 6,000 እንበል፣ በወር 28,000 ሆነ። በ12 ሰው አታካፍዪው፣ ሁልጊዜ አይሞላም። በ8 ሰው አስቢው። 8 ሰው በወር 12 ጊዜ ሲሠራ 96 ክፍለ ጊዜ ነው። 28,000ን ለ96 ስታካፍዪው ወደ 292 ብር ይመጣል። እዚያ ላይ ሰው የሚጠፋባቸውን ሳምንታት ጨምሪ፤ እንቁጣጣሽ፣ ፊቼ ጨምበላላ፣ ገና፣ ፋሲካ፣ ልጆች ትምህርት ሲዘጉ ቤተሰብ የሚጠይቁበት ጊዜ። ስለዚህ 350 ላይ ታቆሚዋለሽ ማለት ነው። ቁጥሮቹን አውጥተሽ የራስሽን አስገቢበት፣ አካሄዱ ግን ይኸው ነው።

በየቀኑ እየተቀበልሽ አትሥሪ። የወሩን 12 ክፍለ ጊዜ በአንዴ፣ በቅድሚያ፣ በቴሌብር ወይም በባንክ ተቀበዪ። ይሉኝታ ይይዝሻል፣ አውቃለሁ። ቡና አፍልተው፣ ልጆቻቸውን «አክስት» አስብለው ከተቀበሉሽ በኋላ ብር መጠየቅ ይጨንቃል። ለዚህ ነው መጀመሪያ ቀን ላይ በወረቀት መጻፍ ያለበት። አንዲት ገጽ ትበቃለች፤ ስንት ቀን፣ በስንት ሰዓት፣ ስንት ብር፣ ሲቀር ምን ይሆናል። የኔ ደንብ እንዲህ ነው፤ ከዋዜማው ማታ 2 ሰዓት በፊት ከተነገረኝ ቀኑን እቀይራለሁ፣ ከዚያ በኋላ ከሆነ እንደተሠራ ይቆጠራል። ለቅሶና ሕመም ግን በጭራሽ አይቆጠርም። በአገራችን ለቅሶ የወጣን ሰው ገንዘብ የምትቆርጪበት ከሆነ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል፣ ደግሞም ልክ አይደለም። እኔ ራሴ ከቀረሁ ወይም ከ15 ደቂቃ በላይ ካረፈድኩ የዚያ ቀን ነፃ ነው። ይሄን ስትጽፊ ሰው ያምንሻል።

ውድ ሆነብኝ ለሚልሽ ዋጋ አትቀንሺ፣ ሰው እንዲጨምር ንገሪው። ባልና ሚስት፣ ሁለት ጎረቤታሞች፣ እህትማማቾች። ለእያንዳንዳቸው 230 ብር ቢሆን እነሱ ቀለላቸው፣ አንቺ በዚያው ሰዓት 460 አገኘሽ። ሁለት ሆነው ሲጀምሩ ደግሞ ቶሎ አይጠፉም። አንዷ ስትሰንፍ ሌላዋ ትጎትታታለች።

አሁን ከገንዘቡ ወደሚበልጠው ነገር ልምጣ፣ እዚህ ላይ እባክሽ ጆሮሽን ስጪኝ። ጂም የሚመጣው በአብዛኛው ወጣት ነው። ቤት ጠርቶ የሚያሠራሽ ግን 40 ዓመት ያለፈው፣ ቀኑን ወንበር ላይ የሚውል፣ ግፊት ወይም ስኳር ያለበት ወይም እንዳለበት ገና ያላወቀ ሰው ነው። አጠገብሽ ሌላ አሰልጣኝ የለም፣ ብቻሽን ነሽ። ስለዚህ አንድም ስኳት ሳታሠሪ መጀመሪያ ጠይቂ። ሐኪም የልብ ችግር ወይም የደም ግፊት አለብህ ብሎህ ያውቃል? ተቀምጠህም ሆነ ስትንቀሳቀስ ደረትህን ያምሃል? ባለፉት 12 ወራት ራስህን ስተህ ወይም አዙሮህ ሚዛንህን ስተህ ታውቃለህ? ሌላ የቆየ ሕመም አለ? የምትወስደው መድኃኒት አለ? እንቅስቃሴ የሚያብሰው የአጥንት፣ የመገጣጠሚያ ወይም የጡንቻ ችግር አለብህ? ሐኪም ያለ ክትትል ስፖርት አትሥራ ብሎሃል? ሰባት ጥያቄዎች ናቸው። አንዱን እንኳ «አዎ» ካለሽ በደንብ አጣሪ፣ ሐኪሙ ምን እንዳለውም ጠይቂ፣ ካልተመረመረ መጀመሪያ ይመርመር። ደንበኛ ይቀርብኛል ብለሽ አትለፊው።

ካጠራቀምሽው ገንዘብ መጀመሪያ የምትገዢው ዕቃ በክንድ ላይ የሚታሰር የግፊት መለኪያ ይሁን። አምስት ደቂቃ አስቀምጠሽ ለኪ። በተለያየ ቀን ስትለኪው 140 በ90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪም ዘንድ ላኪው፤ ቀላል እንቅስቃሴ ግን ይጠቅመዋል። 180 በ110 ከደረሰ የዚያን ቀን ስፖርት የለም፣ ጤና ተቋም ነው። ግፊት ያለበት ሰው ክብደት ሲያነሳ ትንፋሹን ከያዘ ግፊቱ በአንዴ ይዘላል፣ ስለዚህ ሲገፋ እንዲተነፍስ ጮክ ብለሽ ቁጠሪለት። እየቆጠረ ትንፋሽ የሚይዝ ሰው የለም፣ አብሮሽ ይቁጠር።

ኢንሱሊን ወይም ስኳር የሚያወርድ ኪኒን የሚወስድ ደንበኛ ካለሽ ከመጀመሩ በፊት ስኳሩን ይለካ። ከ90 mg/dL በታች ከሆነ መጀመሪያ አንድ ነገር ይቅመስ። ቦርሳሽ ውስጥ ስኳር ወይም ጁስ አይጥፋ። እጁ ከተንቀጠቀጠ፣ ያለ ሥራ ካላበው፣ ንግግሩ ከተምታታ ወዲያው አቁሚ። 15 ግራም ስኳር፣ ማለትም ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ፣ በውሃ በጥብጠሽ ስጪው፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግመሽ ለኪ። መዋጥ ካቃተው ወይም ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም አትስጪ፣ ወደ ሆስፒታል። አንድ ቀን ደርሶብኛል። የዚያን ቀን ስኳር ባልይዝ ኖሮ ዛሬ ይሄን ምክር የምጽፍልሽ አይመስለኝም።

አራስነታቸውን የጨረሱ እናቶችም ብዙ ይደውሉልሻል። ገንፎውም አጥሚቱም አልቆ ልብስ አልገባ ሲል ማለት ነው። ሐኪም ሳያያቸው አትጀምሪ፣ ብዙ ጊዜ ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው፣ በኦፕራሲዮን ከሆነ ይረዝማል። «ሆዴን አጥፊልኝ» ይሉሻል። መጀመሪያ መተንፈስና እግር ጉዞ፣ ከዚያ የሆድ ጡንቻው መሐሉ ላይ ተከፍቶ እንደሆነ ማየት፤ በፍጹም በሲት አፕ አትጀምሪ።

ዕቃው ቀላል ነው። አንድ ምንጣፍ፣ ውፍረታቸው የሚለያይ ሦስት የላስቲክ ባንድ፣ አንድ የዝላይ ገመድ፣ የግፊት መለኪያው። አለቀ። ክብደቱ ደንበኛሽ ቤት ውስጥ አለ። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው፣ ባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን ውሃ ሲሞላ 5 ኪሎ፣ ባለ 20ው ደግሞ 20 ኪሎ። በየሳምንቱ ውሃ መጨመር ነው እንግዲህ። ጠንካራ ወንበር ለመቀመጥና መነሳት፣ ደረጃ ለልብና ለእግር። ኮንዶሚኒየም ላይ ከሆነ ግን መዝለል ይቅር፣ ከታች የተኛ ሕፃን አለ፣ ጎረቤት ከተጣላሽ በዚያ ብሎክ ሌላ ደንበኛ አታገኚም።

አሠራሩን አንቺ ተምረሽዋል፣ አላስተምርሽም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴና ሁለት ቀን የጡንቻ ማጠንከሪያ ይመክራል። ያንቺ ሦስት ጊዜ 45 ደቂቃ 135 ይመጣል። ቀሪዋን 15 ደቂቃ ከሥራ ሲመለስ ከባጃጅ ቀደም ብሎ ወርዶ ይሂዳት። ለመካከለኛው መለኪያ መሣሪያ አያስፈልግሽም፤ ማውራት ከቻለ ግን መዝፈን ካቃተው ልክ ነው። የመጀመሪያውን ሳምንት በጣም አቅልዪው። ብዙ አሰልጣኝ ጉብዝናውን ለማሳየት በመጀመሪያው ቀን ደንበኛውን ያደቀዋል። ሰውዬው በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ደረጃ መውረድ ያቅተዋል፣ ለመሥሪያ ቤቱ ሁሉ ስምሽን እያነሳ ያማርራል።

ጾምን በፕሮግራምሽ ውስጥ አስገቢ። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፣ ረቡዕና ዓርብም ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ጠዋት ላይ ከባድ ነገር አያምረውም፣ ወደ ማታ ውሰጂው ወይም ቀለል አድርጊው። ረመዳን ላይ ከአፍጥር ጥቂት ቀደም ብሎ ቀላል ነገር፣ ወይም ካፈጠሩ ሁለት ሰዓት በኋላ። «ጾም ሲፈታ እንገናኝ» የሚልሽን ሰው እሺ ብለሽ አትሸኚው፣ ሁለት ወር ከቆመ አይመለስም። ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላና አተር ጥሩ ፕሮቲን እንዳላቸው ንገሪው። ከዚያ በላይ የምግብ ሐኪም አትሁኚ፣ ዱቄትም አትሽጪ።

አንዳንዱ ቤቱ ጠባብ ነው ወይም ሰው ይበዛበታል። ሐዋሳ ደግሞ ሐይቅ ሰጥታናለች። ፍቅር ሐይቅ ዳር ያለው መሄጃ፣ ጉዱማሌ፣ ታቦርን በጠዋት መውጣት፣ እነዚህን የሚያህል ጂም የለም። ሁለት ነገር ብቻ። ሳይነጋ ሣርና ደንገል ወዳለበት የሐይቁ ዳርቻ ሰው ይዘሽ አትሂጂ፣ ጉማሬ ሌሊት ለግጦሽ ይወጣል። ማታ ደግሞ ትንኝ አለ፣ ወባ ያለበት አገር ነው፣ ረጅም ሱሪ ይልበሱ።

ሴት ስለሆንሽ የምነግርሽ አለ። ለዚህ ሥራ ሴት መሆን ትልቅ ዕድል ነው። ጂም መግባት የሚያፍሩ፣ ባላቸው የማይፈቅድላቸው፣ ከወንድ ጋር መሥራት የማይፈልጉ ብዙ ሴቶች በራቸውን ለአንቺ ይከፍታሉ። ግን የሰው ቤት ነው የምትገቢው። የመጀመሪያው ቀን ለመተዋወቅ ብቻ ይሁን፣ ሌላ ሰው ባለበት። የምታሠሪው ሳሎን ወይም ግቢ ውስጥ ነው፣ መኝታ ቤት በፍጹም። ወንድ ደንበኛን ከባለቤቱ ጋር ወይም ውጭ አሠሪ። የቀኑን ፕሮግራምሽን አንድ የምታምኚያት ሰው ትወቀው፣ በቴሌግራም ያለሽበትን ቦታ ላኪላት። አቋም ለማስተካከል ስትነኪ አስቀድመሽ ጠይቂ፣ ለሴትም ለወንድም። አንድ ቤት የደንበኛዬ ዘመድ ባልሆነ መንገድ ይቀርበኝ ጀመር። ሁለት ጊዜ ዝም አልኩ፣ ዝም ማለት አልነበረብኝም። በሦስተኛው የቀረውን ብር በዚያው ማታ ልኬ ወጣሁ። ደንበኛዋን ማጣቴ ለወራት ቆጭቶኛል፣ መውጣቴ ግን አንድም ቀን አልቆጨኝም።

ፈቃዱን ቶሎ ጨርሺው። ክፍለ ከተማሽ ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄደሽ ዘርፉን ጠይቂ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር አውጪ፣ ግብሩ እንዴት እንደሚታሰብ ገቢዎች ቢሮ መስኮት ላይ ጠይቂ እንጂ ከሰው አትስሚ። ደረሰኝ ከሌለሽ ባንክም ሆነ ድርጅት «ለሠራተኞቻችን በሳምንት ሁለት ቀን አሠሪልን» ቢልሽ መቀበል አትችዪም፣ እንዲህ ያለው ሥራ ደግሞ አሥር ቤት ከመዞር ያሳርፍሻል።

ደንበኛ ለማግኘት ብዙ አትለፊ። በመረጥሽው ሰፈር ሰው የሚሰማቸውን ሁለት ሰዎች ፈልጊ። አንዲት ነርስ፣ አንዲት የፀጉር ቤት ባለቤት ይበቃሉ። በደንብ አሠሪያቸው፣ ቀሪውን እነሱ ያወሩልሻል። የደንበኛሽን «በፊት እና አሁን» ፎቶ በጽሑፍ ሳትፈቅድልሽ የትም አትለጥፊ። ይህች ከተማ ውስጥ ሁሉም ይተዋወቃል። ከምትሠሪበት ጂምም ደንበኛ እየነጠልሽ አትውሰጂ፣ ውልሽ ላይ ምን እንደፈረምሽ አውጥተሽ አንብቢ። ትተውት የጠፉትን ግን፣ እነዚያ በጥያቄሽ ያነሳሻቸውን፣ ጠይቀሽ ፈቃድ አግኝተሽ ብትደውዪላቸው ማንም አይከፋበትም።

ጂሙን አሁን አትልቀቂ። ጠዋት ሥራ ከመግባትሽ በፊት ባሉት ሰዓታት በሁለት ሰው ጀምሪ። አምስት ሰው ሞልቶ፣ አምስቱም የሁለተኛውን ወር ክፍያ ያለ ጥሪ የላኩ ቀን የመልቀቂያ ደብዳቤሽን ጻፊ። የሁለተኛውን ነው ያልኩት። የመጀመሪያውንማ ለማየት ሲል ማንም ይከፍላል።